ውሃ ቢጨመርም ያልቀዘቀዘ ኩሊንግ ታወር፦ የአየርና የውሃ ፍሰት ስሌት የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

አንድ ፋብሪካ ሁለት ቺለሮችን፣ ማለትም የማቀዝቀዣ ማሽኖችን፣ የሚያገለግል ባለ አንድ ሴል ኩሊንግ ታወር፣ ማለትም የሞቀ ውሃን በአየር የሚያቀዘቅዝ ማማ፣ አለው። በሞቃት ወራት ከሰዓት በኋላ ቺለሮቹ የኮንደንሰር (ሙቀታቸውን ለውሃው የሚያስረክቡበት ክፍል) ግፊት እየበዛባቸው ይጠፉ ነበር። ከታወሩ የሚመለሰው ውሃ በዲዛይኑ መሠረት 29 ዲግሪ መሆን ሲገባው ከ32 በላይ ይወጣል (በዚህ ጽሑፍ ዲግሪ ሲባል ሴልሺየስ ነው)። የጥገና ክፍሉ «ውሃው አንሷል» ብሎ ደመደመና ተጠባባቂ የነበረውን ሁለተኛ ፓምፕ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ማስኬድ ጀመረ። የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ትልቅ ፓምፕ መግዛት፣ ያ ካልበቃ ሁለተኛ ታወር መትከል ነበር።

ግዢው ከመጽደቁ በፊት አየሩና ውሃው ተለክተው ይሰሉ ተባለ። ታወሩን የሚይዝ ሰው ሁሉ ውሃውን ያያል፣ ይሰማል፣ በጌጅ ያነባል። አየሩን ግን ማንም አይለካም። ታወር ሙቀቱን የሚያስረክበው ለአየሩ ስለሆነ ስሌቱ መጀመር ያለበትም ከአየሩ ነው።

ታወሩ በወረቀት ላይ

ፋኑ ከላይ ሆኖ አየር ይስባል። ውሃው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ አየሩ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ፊሉ፣ ማለትም ውሃው በስሱ ተዘርግቶ የሚወርድበት የፕላስቲክ ሉህ ጥቅል፣ 6 በ6 ሜትር ይሸፍናል። ከፊሉ በላይ ውሃውን የሚረጩ 90 ኖዝሎች፣ ከነሱ በላይ ጠብታ መያዣው፣ ከሁሉም በላይ ፋኑና ሲሊንደሩ አሉ። ፋኑን በቺንጋ የሚነዳው 18.5 ኪሎዋት ሞተር ነው።

የዲዛይን ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው፦

- የውሃ ፍሰት፦ 360 ሜትር ኩብ በሰዓት፣ ወደ 100 ኪሎግራም በሰከንድ
- የሚገባው ውሃ 35 ዲግሪ፣ የሚወጣው 29
- የአየሩ ዌት በልብ (በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር የሚያነበው ሙቀት)፦ 24 ዲግሪ
- ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው አየር፦ 75 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ በፋኑ በኩል ሲለካ
- የፋን ፍጥነት፦ 300 ዙር በደቂቃ
- ከፋኑ በታች ያለው ስታቲክ ግፊት (ፋኑ አየሩን ለመሳብ የሚያሸንፈው መቋቋም)፦ 95 ፓስካል

ሬንጁ፣ ማለትም የሚገባውና የሚወጣው ውሃ ልዩነት፣ 6 ዲግሪ ነው። አፕሮቹ፣ ማለትም የሚወጣው ውሃ ከዌት በልቡ የሚበልጥበት መጠን፣ 5 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ 100 × 4.186 × 6 = 2,512 ኪሎዋት ይሆናል።

ወረቀቱ የአየሩን ይዘት እንጂ ክብደቱን አይሰጥም፤ ለስሌት የሚያስፈልገው ግን ክብደቱ ነው። በዲዛይኑ ከፋኑ የሚወጣው አየር በ30.5 ዲግሪ ገደማ እርጥበት የጠገበ ነው። እንዲህ ያለ አየር በባሕር ወለል ግፊት በአንድ ኪሎግራም ደረቅ አየር 0.90 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 75 ÷ 0.90 = 83 ኪሎግራም ደረቅ አየር በሰከንድ ነው። ውሃው ለአየሩ ሲካፈል 100 ÷ 83 = 1.2 ይመጣል። የጉዳዩ ቁልፍ ቁጥር ይህ 1.2 ነው።

ልኬቱ እንዴት ተካሄደ

ውሃው የተለካው ቧንቧው ላይ ከውጭ በሚታሰር የአልትራሳውንድ መለኪያ ነው። መለኪያው ከኋላው የቧንቧውን ዲያሜትር 10 እጥፍ፣ ከፊቱ 5 እጥፍ ቀጥ ያለ ርቀት ባለበት ቦታ ላይ ታሰረ። የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ከሰንጠረዥ አልተወሰደም፤ አሮጌ ቧንቧ ውስጡ ዝጎ ሊሳሳ ወይም ቅርፊት ይዞ ሊጠብ ስለሚችል በውፍረት መለኪያ ተረጋገጠ። ሁለቱ ፓምፖች አብረው ሲሄዱ ንባቡ 450 ሜትር ኩብ በሰዓት ሆነ። ሁለት ፓምፕ እጥፍ ውሃ ይሰጣል ብሎ ለጠበቀ ሰው ይህ ያስገርማል። የመስመሩ የፍጭት ግፊት በፍሰቱ ካሬ ስለሚያድግ ግን እያንዳንዱ ፓምፕ በራሱ ኩርባ ላይ ወደ ኋላ ተገፍቶ 225 ብቻ ይሰጣል። የተገኘው ጭማሪ 25 በመቶ ነው። የፓምፖቹ ጉልበት በአንጻሩ ከ28 ኪሎዋት ወደ 52 ገደማ አደገ።

ሙቀቱን ለመለካት የፓነሉ ክብ ቴርሞሜትሮች ተትተው ሁለት ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ተወሰዱ። መጀመሪያ ሁለቱም በአንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክረው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ተመዘገበ። ሬንጁ 4.6 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ቦታ የግማሽ ዲግሪ ስህተት ሙቀቱን 11 በመቶ ያዛባዋል። ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ያን ያህል አያሳስብም፤ ዋናው ሁለቱ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው።

አየሩን መለካት አስቸጋሪ ነበር። መጀመሪያ የተሞከረው በሉቨሮቹ፣ ማለትም አየሩ በሚገባባቸው ክፍት ሰሌዳዎች፣ ፊት የእጅ አኒሞሜትር (የንፋስ ፍጥነት መለኪያ) እያዞሩ ፍጥነቱን ማንበብ ነው። ቀላልና አደጋ የሌለው መንገድ ነው፤ 68 ሜትር ኩብ በሰከንድ ሰጠ። የውጭው ንፋስ በአንዱ ጎን እየገፋ በሌላው እየሳበ ስለነበር ንባቡ በየደቂቃው ይለዋወጥ ነበር። ይህ ቁጥር ለምን እንደተጣለ ከታች ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ በፋኑ ሲሊንደር ውስጥ መለካት ነው። ሲሊንደሩ በመለኪያው ቦታ ውስጣዊ ራዲየሱ 1.70 ሜትር ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ሐብ 0.35 ሜትር ራዲየስ ይይዛል። የሚቀረው ቀለበት 8.69 ሜትር ካሬ ይመጣል። ይህ ቀለበት እኩል ስፋት ባላቸው አምስት ቀለበቶች ይከፈልና በእያንዳንዱ መሐል ይለካል። ነጥቦቹ ከመሐል 0.63፣ 0.98፣ 1.23፣ 1.44 እና 1.62 ሜትር ላይ ይወድቃሉ። ወደ ዳር ሲሄዱ የሚቀራረቡት ዳር ያለው ቀለበት በጠባብ ወርድ ያንኑ ስፋት ስለሚይዝ ነው። ርቀቱን በእኩል ከፍሎ የሚለካ ሰው መሐሉን ከሚገባው በላይ ይቆጥራል። እርስ በርስ በሚቋረጡ ሁለት ዲያሜትሮች ላይ 20 ነጥቦች ተነበቡ። አኒሞሜትሩን የያዘው ዘንግ የታሰረው ፋኑ ቆሞ፣ ኤሌክትሪኩ ተቆልፎ፣ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ሆኖ ነው። ፋኑ እየዞረ ከሲሊንደሩ አጠገብ ማንም አልቆመም።

አማካዩ 6.1 ሜትር በሰከንድ ወጣ። 6.1 × 8.69 = 53 ሜትር ኩብ በሰከንድ። የሚጠበቀው 75 ነበር።

የዌት በልብ መጠን የተለካው ከታወሩ ራቅ ብሎ ንፋሱ በሚመጣበት ጎን ነው፤ 24 ዲግሪ ነበር። ሰዓቱ ሆን ተብሎ የተመረጠው ከዲዛይኑ ጋር እንዲቀራረብ ነው። ሉቨሮቹ ፊት 24.2 ስለተነበበ ታወሩ የራሱን እርጥብ አየር መልሶ እየሳበ ነው የሚለው ጥርጣሬ ወደቀ። በፋኑ መውጫ ዌት በልቡ 32.6 ሆነ። ከታወሩ የወጣው ውሃ 32.5 ዲግሪ፣ የገባው 37.1 ነው።

ስሌቱ

በመጀመሪያ ሙቀቱ። 450 ሜትር ኩብ በሰዓት 124 ኪሎግራም በሰከንድ ነው (የ35 ዲግሪ ውሃ በሊትር 0.994 ኪሎግራም ይመዝናል)። 124.2 × 4.186 × 4.6 = 2,390 ኪሎዋት። ይህ ከዲዛይኑ 95 በመቶ ነው። ስለዚህ «ፋብሪካው ስላደገ ታወሩ አነሰው» የሚለው ክርክር እዚሁ አበቃ።

ቀጥሎ አየሩ። በ32.5 ዲግሪ የጠገበ አየር በኪሎግራም ደረቅ አየር 0.91 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ 53 ÷ 0.91 = 58.3 ኪሎግራም በሰከንድ። የውሃና የአየር ሬሾው 124.2 ÷ 58.3 = 2.13 ሆነ። በዲዛይኑ 1.2 ነበር። የሚያቀዘቅዘው አየር በ30 በመቶ ቀንሶ የሚቀዘቅዘው ውሃ በ25 በመቶ ተጨምሮበታል።

ቁጥሩ መታመን አለመታመኑ በሙቀት ሚዛን ይፈተናል። ውሃው የሰጠውን ሙቀት አየሩ መውሰድ አለበት። በ24 ዲግሪ ዌት በልብ የአየሩ ኢንታልፒ፣ ማለትም በአንድ ኪሎግራም ደረቅ አየር የተያዘው ጠቅላላ ሙቀት፣ 72.4 ኪሎጁል ነው። በ32.6 ዲግሪ 114.5 ይሆናል። 2,390 ÷ (114.5 − 72.4) = 56.8 ኪሎግራም በሰከንድ። ከ58.3 ጋር ያለው ልዩነት ከ3 በመቶ ያነሰ ነው፤ ለመስክ ሥራ ይህ እጅግ ጥሩ ነው። በሉቨሩ የተለካው 68 ሜትር ኩብ ትክክል ቢሆን አየሩ 77 ኪሎግራም ይሆንና የመውጫው ዌት በልብ ከ30.7 አይበልጥም ነበር። የተነበበው 32.6 ስለሆነ 68 ተጣለ።

እስካሁን የታወቀው አየሩ ማነሱ ነው። የቀረው ጥያቄ አየሩ ብቻ ነው ወይስ ፊሉም ሥራውን አልሠራም የሚል ነው። ይህን የሚለየው ፍሬድሪክ መርከል እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው ስሌት ነው። የፊሉን አቅም የሚያሳየው የመርከል ቁጥር የሚገኘው የውሃውን ልዩ ሙቀት (አንድ ኪሎግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው፣ 4.186 ኪሎጁል) በሬንጁ አባዝቶ፣ በውሃው ሙቀት ላይ ባለው የጠገበ አየር ኢንታልፒና በአየሩ ኢንታልፒ መካከል ካለው ልዩነት ግልባጭ አማካይ ጋር በማባዛት ነው። አማካዩን ለማውጣት የሬንጁ 0.1፣ 0.4፣ 0.6 እና 0.9 ላይ ያሉ አራት ነጥቦች ይበቃሉ። ይህ የቼቢሼቭ ዘዴ የሚባለው ነው።

የተለካው ሁኔታ ሲሰላ፦ ውሃው 32.96፣ 34.34፣ 35.26 እና 36.64 ዲግሪ በሚሆንባቸው ነጥቦች የጠገበው አየር ኢንታልፒ 116.6፣ 125.2፣ 131.2 እና 140.7 ነው። አየሩ ከ72.4 ተነስቶ ውሃው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር በ2.13 × 4.186 = 8.92 ያድጋል። ስለዚህ በነጥቦቹ ላይ 76.5፣ 88.8፣ 97.0 እና 109.3 ይደርሳል። ልዩነቶቹ 40.1፣ 36.4፣ 34.2 እና 31.4 ናቸው። የግልባጮቻቸው አማካይ 0.0284 ሲሆን፣ በ4.186 × 4.6 ሲባዛ 0.55 ይመጣል።

የዲዛይኑ በተመሳሳይ መንገድ ሲሰላ 1.05 ነው። 0.55ን በቀጥታ ከ1.05 ጋር ማወዳደር ግን ስህተት ነው። የውሃ ድርሻ ሲጨምር የማንኛውም ፊል ቁጥር ይወርዳልና። ለዚህ ዓይነት ፊል ቁጥሩ ከሬሾው ጋር በ−0.6 ፓወር ገደማ ይለዋወጣል፤ 1.05 × (2.13 ÷ 1.2) ፓወር −0.6 = 0.74። ፊሉ ጤነኛ ቢሆን በዚህ ሬሾ 0.74 ይሰጥ ነበር። የሰጠው 0.55 ነው፣ ማለትም ከአቅሙ ሩቡ ጠፍቷል። አየሩ ቢስተካከል እንኳ ታወሩ ወደ ዲዛይኑ እንደማይመለስ ይህ ቁጥር አስቀድሞ ተናገረ፤ በኋላም እንዳለው ሆነ።

ምክንያቶቹ ሲፈለጉ

ፋኑ በስትሮብ (በብልጭታ ዙር በሚለካ መብራት) ሲለካ 268 ዙር በደቂቃ ሆነ። ቺንጋው አልላላም፣ ኩሽኔታዎቹም ደህና ናቸው። ሞተሩ 1,470 ዙር ይዞራል፤ የፋኑ ፑሊ 980 ሚሊሜትር ነው። በሞተሩ ላይ 200 ሚሊሜትር ፑሊ ቢሆን 1,470 × 200 ÷ 980 = 300 ይመጣል። የተገኘው ፑሊ 180 ሚሊሜትር ነው። ቀድሞ የነበረው ተሰንጥቆ ሲቀየር መጋዘን የተገኘው ገብቶ ቀርቷል፤ በጥገና መዝገቡም «ፑሊ ተቀየረ» ብቻ ተብሎ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው በሁለት ንባቦች ምክንያት ነው። አንደኛው የሞተሩ አምፔር ነው። የሞተሩ ሙሉ ጭነት 35 አምፔር ሲሆን ንባቡ 21 ነበር። ዝቅተኛ አምፔር «ሞተሩ አልተጨነቀም» ተብሎ ሲነበብ ኖሯል። የፋን ጉልበት ግን በፍጥነቱ ኩብ ይለዋወጣል። አምፔር የወረደው ፋኑ ሥራ ስላልሠራ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስታል። ከፋኑ በታች ያለው ስታቲክ ግፊት 94 ፓስካል ነበር፤ ታወሩ ሲረከቡት ከተጻፈው 95 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ማንም ሰው ሁለቱን አይቶ ፊሉ ንጹሕ ነው ይላል። የፊል ግፊት ግን በፍሰቱ ካሬ ይለዋወጣልና፣ አየሩ 53 በሆነበት ጊዜ የሚጠበቀው 95 × (53 ÷ 75) ካሬ = 47 ፓስካል ነው። 94 ማለት የመንገዱ መቋቋም እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ግፊትን ከፍሰቱ ነጥሎ ማንበብ ምንም አይነግርም።

የአየሩ ሒሳብ እንግዲህ እንዲህ ይዘጋል። ፍጥነቱ ከ300 ወደ 268 መውረዱ 75ን ወደ 67 ያወርዳል። ከ67 ወደ 53 የወረደው በመንገዱ መዘጋት ነው።

የተዘጋውን ለማየት አንድ የፊል ጥቅል ወጥቶ ደርቆ ተመዘነ። የአዲሱ ክብደት 12 ኪሎግራም ነው፤ የወጣው 41 መዘነ። በሉሆቹ መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ቦታ በነጭ ቅርፊትና በግራጫ ደለል ተሞልቶ እርሳስ አያሳልፍም ነበር። ጠብታ መያዣውም በሁለት ማዕዘን ተደፍኗል።

ኖዝሎቹን በተመለከተ፣ ከፊሉ በታች እኩል ስፋት ያላቸው ሳፋዎች በተለያየ ቦታ ተደርገው የሞሉበት ጊዜ ተያዘ። አማካዩ 450 ÷ 36 = 12.5 ሜትር ኩብ በሰዓት በሜትር ካሬ መሆን አለበት። ከ4 እስከ 21 የሚደርስ ልዩነት ተገኘ። ከ90ዎቹ 14 ኖዝሎች ተደፍነዋል፤ 3ቱ ወድቀው ውሃው እንደ ቧንቧ በአንድ ቦታ ይወርዳል። አየር ደግሞ ቀላል መንገድ ይመርጣል። ውሃ ባነሰበት በኩል በብዛት ያልፋል፣ ውሃ በበዛበት ያንሳል። አማካዩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሁለቱ አይገናኙም። የውሃው መጨመርም እዚህ ጎድቷል። የኖዝል ግፊት በፍሰቱ ካሬ ስለሚያድግ 25 በመቶ የበዛ ውሃ ግፊቱን 1.56 እጥፍ አደረገው፤ የርጭቱ ሽፋን እየሰፋ ግድግዳውን መምታት፣ ጠብታውም በተደፈነው መያዣ ጎን እየሾለከ መውጣት ጀመረ።

ቅርፊቱ ከየት መጣ ለሚለው የውሃ ሚዛኑን ማየት ይበቃል። የሚገባው አየር 31 ዲግሪ ድራይ በልብ (በተራ ደረቅ ቴርሞሜትር) ሲሆን የሚወጣውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሙቀቱ ከሞላ ጎደል በትነት ይሄዳል። 2,390 ÷ 2,430 = 0.98 ኪሎግራም በሰከንድ፣ ማለትም 3.5 ሜትር ኩብ በሰዓት ይተንና ጨውን ገንዳው ውስጥ ትቶ ይሄዳል። የመሙያው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ (የጨው መጠኑን የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም) 450 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ሲሆን የገንዳው 3,800 ነበር፤ ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የብሎውዳውን ቫልቩ፣ ማለትም ጨው የበዛበትን ውሃ የሚያፈስሰው፣ ውሃ ለመቆጠብ ተብሎ ተዘግቶ ነበር። የገንዳውን ጨው በመሙያው ውሃ አራት እጥፍ ለመያዝ 3.5 ÷ (4 − 1) = 1.2 ሜትር ኩብ በሰዓት መፍሰስ አለበት። ያ ያልፈሰሰ ውሃ ፊሉ ላይ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል።

እርምጃዎቹና ውጤታቸው

ሥራው በአንድ ጊዜ አልተሠራም፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ተለክቷል። ለማወዳደር እንዲመች ከዚህ በታች ያሉት ሙቀቶች ሁሉ ወደ 24 ዲግሪ ዌት በልብና ወደ 2,390 ኪሎዋት ተመልሰው የተሰሉ ናቸው።

*ሁለተኛውን ፓምፕ ማቆም።* ውሃው ወደ 360 ተመለሰ፣ አየሩ ወደ 55 ከፍ አለ። የሚወጣው ውሃ ከ32.5 ወደ 32.0 ወረደ። የሚገባው ግን ከ37.1 ወደ 37.7 ወጣ፤ ውሃው ስላነሰ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም ሬንጁ ሰፋ። የቺለሩ ኮንደንሰር ግፊት አልቀነሰም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ጨመረ። የታወሩን መውጫ ብቻ የሚያይ ሰው ተሻሻለ ይላል፣ ቺለሩን የሚያይ ተባባሰ ይላል። ከዚህ እርምጃ በእርግጥ የተገኘው 24 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ መትረፉ ነው። ችግሩን ግን አልፈታም፤ ውሃ መቀነስን እንደ መድኃኒት የሚያቀርብ ካለ ይህን ንባብ ይይ።

*ፑሊውን መመለስ።* 200 ሚሊሜትሩ ገባ፣ ፋኑ 299 ዙር ዞረ። አየሩ 61 ደረሰ፣ አምፔሩ 27 ሆነ፤ ከ35 በታች ስለሆነ ሞተሩ አልተጎዳም። የሚወጣው ውሃ 31.4 ሆነ። ከሁሉ ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ ትርፉም ከተጠበቀው ያነሰ ነበር።

*ኖዝሎቹን ማጽዳትና የወደቁትን መተካት።* 30.6 ዲግሪ። አየሩም ውሃውም ሳይጨመር፣ በማዳረስ ብቻ ስምንት አሥረኛ ዲግሪ ተገኘ።

*ፊሉን በአሲድ ማጠብ።* በጥቂት ጥቅሎች ላይ ተሞክሮ ተተወ። 41 ኪሎግራሙ ወደ 33 ብቻ ወረደ። ለስላሳ አሲድ የኖራውን ቅርፊት ያሟሟል፤ ደለሉን ግን አይነካም፣ ሁለቱም ተጣብቀው ነበር። ጠንከር ያለ የውሃ ግፊት ሲሞከር ሉሆቹ ተሰባበሩ።

*ፊሉንና የተደፈነውን ጠብታ መያዣ መቀየር።* አየሩ 73.5 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ ስታቲክ ግፊቱ 91 ፓስካል፣ አምፔሩ 26 ሆነ። የውሃና የአየር ሬሾው 1.22 መጣ። ከታወሩ የሚወጣው ውሃ 28.9፣ የሚገባው 34.6 ነው። አፕሮቹ ከ8.5 ወደ 4.9 ወርዷል። ቺለሮቹ መጥፋት አቆሙ፤ የትልቁ ፓምፕና የሁለተኛው ታወር ሐሳብም ቀረ።

*ብሎውዳውን።* ቫልቩ በኮንዳክቲቪቲ እንዲከፈት ተደርጎ ወሰኑ 1,800 ላይ ተቀመጠ። ይህ ዛሬ አንድም ዲግሪ አያወርድም። አዲሱ ፊል እንደ አሮጌው እንዳይሆን ግን ዋናው መከላከያ ይህ ነው።

ሳይሠራ የቀረም አለ። የፋኑ ጫፍና የሲሊንደሩ ክፍተት በአንድ ጎን 15፣ በሌላው 45 ሚሊሜትር ነው፤ ሲሊንደሩ ከክብነት ወጥቷል። አየር በዚያ በኩል ወደ ታች ተመልሶ ይሾልካል። ከ75 የጎደለው 1.5 ሜትር ኩብ ከዚያ ሊመጣ ይችላል፣ ነገር ግን ከልኬቱ የስህተት ወሰን ስለማይበልጥ ሲሊንደሩን ለማስተካከል የሚወጣው ወጪ አሳማኝ አልሆነም።

ለሌላ ታወር የሚተርፈው

ቅደም ተከተሉ የትም ይሠራል፦ ውሃውን ለካ፣ ሙቀቱን አስላ፣ አየሩን ለካ፣ በሙቀት ሚዛን አረጋግጥ፣ ከዚያ ብቻ የመርከልን ቁጥር አውጣ። ሚዛኑ በ10 በመቶ ውስጥ ካልተዘጋ የመርከልን ቁጥር ማስላት ትርፉ ድካም ነው። የመውጫው አየር ዌት በልብ ለመለካት ርካሽ ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ መለካት በማይቻልበት ቦታ ከሙቀቱ ተነስቶ የአየሩን ክብደት ለመገመትም ያገለግላል። በመውጫው የሚለካ ሰው ቴርሞሜትሩን በአንድ ቦታ አያቁመው። ውሃው ባልተዳረሰበት ታወር ከአንድ ጎን የሚወጣው አየር ከሌላው በብዙ ዲግሪ ሊለይ ይችላል።

በርክክብ ጊዜ የአራት ነገሮች ንባብ አብሮ በአንድ ገጽ መጻፍ አለበት፦ የፋን ዙር፣ አምፔር፣ ስታቲክ ግፊትና የአየር ፍሰት። እዚህ ሦስቱ ነበሩ፣ የአየር ፍሰቱ ግን ከካታሎግ የተገለበጠ ነበር። ፑሊ ሲቀየርም ዲያሜትሩ ይጻፍ።

የዚህን ጉዳይ ቁጥሮች ወደ ከፍተኛ ቦታ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰንጠረዡን ይቀይር። ከላይ ያለው ሁሉ ለባሕር ወለል ግፊት፣ ለ101.3 ኪሎፓስካል ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ግፊቱ 79.5 ገደማ ነው። ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው ይዘት ያው ሆኖ ክብደቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የጠገበ አየር በኪሎግራም የሚይዘው እንፋሎት ይበዛል። በ24 ዲግሪ ኢንታልፒው 72 ሳይሆን 86 ኪሎጁል አካባቢ ነው። ሁለቱ ለውጦች በከፊል እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን የተወ ስሌት ሁለቱንም ከተወው ይበልጥ ይሳሳታል። የሞተሩ አምፔርም እዚያ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፣ አየሩ ስለሚቀል።